ናይለን ሁሉ ናይለን አይደለም

ልብስ ከምግብና ከመጠለያ ጋር የሚቈጠር የሰው ልጅ ዋና ፍላጎት መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ወጡ ከምን እንደ ተሠራ አጥብቀን ስንጠይቅ፥ ከጧት እስከ ማታ ገላችንን ነክቶ የሚውለው ጨርቅ ከምን እንደ ተሠራ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ጥጥ፥ ሱፍ ወይም ሐር ያልሆነውን ሁሉ «ናይለን» በሚል አንድ ስም ጠቅልለን እናልፈዋለን። አንዱ «ናይለን ነው» ብሎ ይንቀዋል፤ ሌላው አይጨማደድም፥ ቶሎ ይደርቃል ብሎ ያመሰግነዋል። በእኔ አስተያየት ግን ከማመስገንም ከመንቀፍም በፊት ማወቅ ይቀድማል፤ ሻጩም የጨርቁን እውነተኛ ስም የመናገር ግዴታ አለበት። ምክንያቴንም ከዚህ በታች እገልጻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እናቶቻችን ባዘቶውን በእንዝርት ሲፈትሉ፥ ተፈጥሮ ሠርታ ያቀረበችላቸውን አጫጭር የጥጥ ጭረቶች እያጠማዘዙ ያያይዛሉ። ፋብሪካው ግን ጭረቱን ራሱን ከመሥራት ይጀምራል። አስቀድሞ ነገሩን ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ፈሳሹንም እንደ ወንፊት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ብረት ውስጥ በኃይል ገፍቶ ያወጣዋል፤ የወጣውም ጠንክሮ ክር ይሆናል። የሐር ትል ከአፉ እያወጣ የሚሠራውን ሰው በመኪና ሠራው ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሰው ሠራሽ ክሮች ሁሉ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው የሚጀምረው ፈሳሹ ከምን እንደ ተገኘ ሲጠየቅ ነው።

አንደኛው ከእንጨት የሚገኘው ቪስኮስ ነው፤ ሬዮንም ይባላል። ጥጥና እንጨት ሁለቱም በብዛት ሴሉሎስ የሚባል ነገር አላቸው፤ ዳሩ ግን የእንጨቱ ጭረት እጅግ አጭር ስለ ሆነ አይፈተልም። በ1892 ዓ.ም. ክሮስ፥ ቤቫንና ቢድል የተባሉ ሦስት የእንግሊዝ አገር ኬሚስቶች ለዚህ መላ አገኙለት። የእንጨቱ ሴሉሎስ በኮስቲክ ሶዳ ይነከራል፤ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ከሚባል ፈሳሽ ጋር ይዋሐዳል፤ እንደገና በቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ውኃ ሲሟሟ እንደ ማር የወፈረ ብርቱካንማ ፈሳሽ ይሆናል። ይህም በቀዳዳዎቹ አልፎ ሰልፈሪክ አሲድ ወዳለበት ገንዳ ሲገባ ተመልሶ ሴሉሎስ ይሆናል፤ አሁን ግን ረጅም ክር ነው። ስለዚህ ቪስኮስ እንደ ጥጥ ላብ ይመጥጣል፥ ለገላም ይለሰልሳል፤ ሲርስ ግን ጥንካሬው እጅግ ይቀንሳልና በኃይል ሲታሽና ሲጨመቅ ይጎዳል። ደግሞም ካርቦን ዳይሰልፋይድ የብዙ ፋብሪካ ሠራተኞችን ነርቭና አእምሮ የጎዳ መርዝ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ሊዮሴል የተባለው አዲስ ክር የሚሠራው ያለዚህ መርዝ ነው፤ እንጨቱን የሚያሟሟው ፈሳሽም ከሞላ ጎደል በሙሉ ተሰብስቦ ዳግመኛ ለሥራ ይውላል።

ሁለተኛው፥ ስሙ በእውነት የሚገባው ናይለን ነው። ይህን በ1935 የሠራው በአሜሪካ የዱፖን ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ዋላስ ካሮዘርስ ነው። ክሩ የሚገኝባቸው ሁለት ነገሮች እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት የካርቦን አቶም ስላላቸው «ናይለን 66» ተባለ። ካሮዘርስ በ1937 ስለ ሞተ፥ ክሩ በ1940 የሴቶች ስቶኪንግ ሆኖ በመላ አሜሪካ ሲሸጥ አላየም።

ሦስተኛው በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን በእንግሊዝ አገር የሠሩት ፖሊስተር ነው። የሚገኘው ከነዳጅ ዘይት በሚወጡ ነገሮች ሲሆን በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ የሚሠራውም ከዚሁ ነገር ነው። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው የጨርቅ ክር ሁሉ ከግማሽ የሚበልጠው ፖሊስተር ነው። እንግዲህ በየገበያው «ናይለን» የምንለው ብዙውን ጊዜ ናይለን ሳይሆን ፖሊስተር ነው።

ክሩ ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። ገና እንደ ወጣ የናይለንና የፖሊስተር ክር ደካማ ነው፤ ስለዚህ ከርዝመቱ ብዙ እጥፍ እስኪሆን ይሳባል። በዚህን ጊዜ ተዘበራርቀው የነበሩት ሞለኪውሎች በክሩ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህም ይሠራል። ብልጭልጭታው እንዲደበዝዝ ከተፈለገ ቲታንየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት በፈሳሹ ይጨመራል። ቀዳዳው ባለ ሦስት ክንፍ ቢሆን ክሩ ያብረቀርቃል፤ መካከሉ ክፍት ሆኖ ቢወጣ አየር ስለሚይዝ ለብርድ ልብስና ለትራስ ይሆናል። ተጠማዞ በሙቀት ቢጨማደድ እንደ ሱፍ ይነፋፋል። አሥር ሺህ ሜትሩ አንድ ግራም እንኳ የማይመዝን ክርም ይሠራል።

«ይህ ሁሉ የተፈጥሮን ነገር ማበላሸት ነው» የሚል ቢኖር፥ ጥጡም ያልተነካ አለመሆኑን ልንገረው። ጆን ሜርሰር የተባለ እንግሊዛዊ ጥጥ በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር እንደሚጠነክርና ቀለም አጥብቆ እንደሚይዝ ተረድቶ በ1850 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ በኋላም ተወጥሮ ሲነከር እንደ ሐር እንደሚያብረቀርቅ ታወቀ። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ማለት ሐሰተኛ ማለት አይደለም። ሐሰት የሚሆነው ፖሊስተሩን «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ መሸጥ ነው።

ጉዳቱም የገንዘብ ብቻ አይደለም። ጥጥ በእሳት ፈጥኖ ይነድዳል እንጂ አይቀልጥም፤ ፖሊስተርና ናይለን ግን ቀልጠው ከገላ ጋር ይጣበቃሉ፥ ቍስሉም ጥልቅ ይሆናል። ሁለቱ ሲደባለቁ ደግሞ ጥጡ እንደ ኩራዝ ክር ሆኖ የቀለጠውን ይዞ ያነደዋል። በምድጃና በከሰል አጠገብ የምትውል እናት፥ በላቦራቶሪ እሳት ፊት የሚቆም ተማሪ የለበሱትን ማወቅ የሚገባቸው ለዚህ ነው። በእጁ ሸምኖ የሚያድረው ሸማኔስ? ጥለቱ በፋብሪካ የታተመበት የፖሊስተር ጨርቅ «የአገር ልብስ» ተብሎ ከእርሱ ሸማ ጎን ይሰቀላል። ስሙ ቢነገር ኖሮ ገዢው አውቆ ይመርጥ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ርካሽ ልብስ ላገኘ ድሀ የክሩ ስም ምን ይፈይድለታል?» ይላሉ። እኔ ርካሽነቱን አልጠላም። ፖሊስተር የተቀላቀለበት የተማሪ ደንብ ልብስ ደጋግሞ ታጥቦ ሳይቀደድ መቆየቱ ለወላጆች ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ሀብታም ቢታለል ነገ ሌላ ይገዛል፤ በዓመት አንድ ልብስ የሚገዛ ሰው አንዴ ቢታለል ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ለብሶ ይኖራል። ስለዚህ ከማንም ይልቅ ስሙ የሚያስፈልገው ለድሀው ነው።

አሜሪካ የክሩ ስምና ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ በልብሱ ላይ እንዲጻፍ የሚያዝ ሕግ በ1958 አወጣች፤ በ1960ም ሥራ ላይ ዋለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2011 የወጣ ተመሳሳይ ደንብ አለው። እኛም ከጥቅል እየተለካ የሚሸጠው ጨርቅ ሳይቀር ስሙ ተጽፎበት እንዲሸጥ ልንጠይቅ ይገባናል።

በትምህርት ቤታችንም መምህራኖቻችን ቢፈቅዱ፥ ክርን በእሳት መለየት ከኬሚስትሪ ትምህርት ጋር ቢሰጥ መልካም ነው። ከስፌት ትርፍ አንድ ክር ተመዞ፥ በወረንጦ ተይዞ፥ በመምህር ፊት ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ይቃጠላል። ጥጥ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፥ ለስላሳ አመድም ይተዋል፤ ሱፍና ሐር እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታሉ፤ ፖሊስተርና ናይለን ቀልጠው ጠጠር ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ቪስኮስ እንደ ጥጥ ስለሚቃጠል በዚህ መንገድ አይለይም፤ የተደባለቀ ጨርቅም ከመቶ ስንቱ ጥጥ እንደ ሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ፈተናው ዓይን ይከፍታል እንጂ የሻጩን ቃል አይተካም።

ክቡራን ወላጆች፥ ውድ ጓደኞቼ፥ ከእንግዲህ ጨርቅ ስንገዛ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ከምን የተሠራ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሻጩ ካላወቀ እርሱም የገዛበትን ይጠይቅ። እንዲህ እየተጠያየቅን ከሄድን ጥያቄው ከፋብሪካው በር መድረሱ አይቀርም።