የእግራችን ቍስል የማን ዕዳ ነው?

ከጥቂት ቀናት በፊት በየመኝታ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያላነበበ ተማሪ ይኖራል ብለን አንገምትም። ማስታወቂያው ባጭሩ የሚለው፣ በእግርና በገላ ላይ የሚታየው የቆዳ በሽታ የበዛው ተማሪዎች ንጽሕናቸውን ባለመጠበቃቸው ስለ ሆነ፣ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ራሱን እንዲጠብቅ ነው። ማኅተምም አለበት። ይህን ቃል የጻፈው ሰው፣ ጽፎ እንዳበቃ ወደ ቤቱ ሄዶ በደረቅ ወለል ላይ ቆሞ ገላውን እንደ ታጠበ አንጠራጠርም።

እኛ የምንታጠብበትን ስፍራ ግን እናውቀዋለን። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ በመጣም ጊዜ የአንድ ፎቅ ተማሪ በሙሉ በአራት ሻወር ፊት ይሰለፋል። የፍሳሹ መውረጃ ከተደፈነ እነሆ ሁለተኛ መንፈቁ ነው። ስለዚህ ፊተኛው ታጣቢ እግሩን ያጠበበት ውሃ ኋለኛውን ታጣቢ ቍርጭምጭሚቱ ድረስ ቆሞ ይጠብቀዋል። ንጽሕናውን የማይጠብቅ ተማሪ ቢኖር እንኳ፣ ከዚህ ቤት እግሩን ስለሚያርቅ ከበሽታው የሚተርፈው እርሱ ነው። የሚያዘው ዘወትር የሚታጠበው ነው። የማስታወቂያው ጸሐፊ ይህን ቢያስተውል ኖሮ ወረቀቱንም ማኅተሙንም ባተረፈ ነበር።

በሽታው ምን እንደ ሆነ በግልጽ እንናገር፤ በጣት መካከል የሚያሳክክና የሚላጥ ነገር ሁሉ «ከእግር ሽታ የመጣ ነው» እየተባለ ሲታለፍ ኖሯልና። የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ ከሁሉም የሚበዛው ትራይኮፊተን ሩብረም የተባለው ነው። ምግቡ ቆዳችን፣ ጥፍራችንና ጠጕራችን የተሠሩበት ኬራቲን የሚባለው ነገር ነው። ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አየር በማይደርስበት በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል ነው። ከታመመው ሰው የሚረግፈው ቅርፊት በእርጥብ ወለል፣ በፎጣ፣ በተዋሱት ካልሲና ጫማ ላይ ሆኖ ሌላ እግር ይጠብቃል። ፎጣውም ሆነ እጁ ፈንገሱን ወደ ብሽሽት ያደርሰዋል፤ በገላም ላይ ቋቁቻ ሆኖ ይወጣል።

ፈረንጆች «የአትሌት እግር» ይሉታል። ስሙ አያታልለን። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ከዚህ በሽታ የሚያሰጋው ነገር አልነበረም፤ በሽታው የተዘጋ ጫማ ጓደኛ ነውና። ታሪኩን ያጠኑ ሐኪሞች እንደሚሉት፣ ይህ ፈንገስ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲኖር በባዶ እግሩ በሚሄደው ሕዝብ ገላ ላይ እንጂ እግር ላይ እምብዛም አይታይም ነበር፤ ቦት ጫማ አጥልቀው የመጡት የቅኝ ገዢ ወታደሮች ናቸው በእግራቸው ተሸክመው ወደ ዓለም ያሠራጩት። ይህን ስንል ጫማ እንጣል ማለታችን አይደለም፤ በቀይ ዐፈር አገር በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ በዝሆኔ እንደሚያብጥ፣ ከዚያም የሚጠብቀው ጫማና እግርን መታጠብ መሆኑን የማያውቅ የለም። የምንለው፣ ቀኑን ሙሉ በሸራ ጫማ ውስጥ የላበ እግር ማታ የሚደርቅበት ስፍራ ይፈልጋል ነው።

አሁን ወደ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንመለስ፤ የአስተዳደሩን ጥፋት መናገር የተማሪውን ለመሸፈን አይሁን። በየክፍሉ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ትንሽ ቱቦ አለ። ማንም «ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ይቀባዋል፤ በሁለት ቀን ማሳከኩ ይቆማል፤ «ፍቱን ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ይህ ቅባት ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ መቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዳል፣ ፈንገሱን ግን አይገድልም፤ እንዲያውም የሚዋጋውን የሰውነት ኀይል አስተኝቶ መንገዱን ይጠርግለታል። ቅባቱ ሲቆም በሽታው ሰፍቶ፣ ሐኪም እንኳ እንዳይለየው መልኩን ለውጦ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ይህን ነገር ጽፈው «ቲኒያ ኢንኮግኒቶ» ብለውታል፤ ማንነቱን የሰወረ ቋቁቻ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ የመድኃኒት መደብር ባንኮኒ ላይ ያለ ትእዛዝ ሲሸጥ ማየት ያሳዝናል። በህንድ አገር እንዲህ ያለው የተደባለቀ ቅባት በገፍ ከመሸጡ ጋር ተያይዞ፣ ዋናው መድኃኒት ተርቢናፊን የማይበግረው አዲስ ዝርያ ተስፋፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካም መድረሱ ተነግሯል። ነጭ ሽንኩርት ፈጭተው በጣታቸው መካከል ስለሚያስሩት ጓደኞቻችን ደግሞ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ሽንኩርቱ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ከዚያ በኋላ የሚታከመው ቃጠሎው ነው።

ትክክለኛው ሕክምና ውድም ረቂቅም አይደለም። 1 በመቶ ክሎትሪማዞል በቀን ሁለት ጊዜ እስከ አራት ሳምንት ይቀባል፤ ተርቢናፊን ቅባት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለው የዊትፊልድ ቅባትም አለ፤ 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ነው፤ ርካሽ ነው፣ በተላጠ ቍስል ላይ ግን ያቃጥላል፣ ለብሽሽትም አይሆንም። ቅባቱ በቍስሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ከጠርዙ ጥቂት አልፎ ይቀባ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ማሳከኩ ሲቆም ቱቦውን መጣሉ ላይ ነው፤ ቆዳው ዳነ ሲባል ፈንገሱ ገና ከሥር አለ። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በራስ ፎጣ ማድረቅ፣ ካልሲ በየቀኑ መለወጥ፣ ጫማን ቀን ሰጥቶ ፀሐይ ላይ ማዋል፣ ወደ ሻወር በነጠላ ጫማ መግባት፤ ይህን የማያደርግ ሰው መድኃኒቱን ገና ሳይጨርስ መልሶ ይያዛል። ጥፍር ውስጥ የገባና የራስ ቅል ላይ የወጣ ቆረቆር በቅባት አይድንም፤ የሚዋጥ ኪኒን የሚሻ ስለ ሆነ ወደ ሐኪም ይኬድ። የስኳር ሕመም ያለበት ተማሪም በጣቱ መካከል ስንጥቅ ሲያይ አይዘግይ። ስንጥቁ ለባክቴሪያ በር ነውና፣ እግር ካበጠ፣ መቅላቱ ወደ ላይ ከወጣና ትኵሳት ከመጣ የዚያኑ ዕለት መታየት ያስፈልጋል።

እከክን ለብቻው ማንሣት አለብን፤ እርሱ ፈንገስ አይደለም፣ ቅባቱም ሌላ ነው። ቆዳ ውስጥ ጐድጓድ ቆፍራ እንቍላል የምትጥል በዐይን የማትታይ ተባይ ናት የምታመጣው። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል፤ የሚታየው በእጅ ጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብሽሽት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ስለ ሆነ፣ አንዱ ሲያክክ የክፍል ጓደኛው ምንም ሳይሰማው ይዞት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በአንድ ክፍል ስምንት ሰው በተደራራቢ አልጋ አሳድሮ፣ ለአንዱ ብቻ መድኃኒት ሰጥቶ መመለስ ምን ይሉታል? ክሊኒካችን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተማሪው ይድናል፤ በሳምንቱ ከጓደኛው መልሶ ይወስዳል፤ «ቈሻሻ ነህ» ይባላል። ሕክምናው የክፍሉን ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት፣ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ በ5 በመቶ ፐርሜትሪን ወይም በ25 በመቶ ቤንዚል ቤንዞዌት መቀባት፣ ከሳምንትም በኋላ መድገም ነው። ተባይዋ ከሰው ገላ ተለይታ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ስለማትኖር፣ አንሶላና ልብሱ በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ ውሃ ከሌለ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ሳምንት ይቀመጣል። ከዳኑም በኋላ ማሳከኩ ጥቂት ሳምንት ስለሚቆይ፣ አልዳንሁም ብሎ በየቀኑ መቀባት ቆዳን መጉዳት ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ ሲነሣ፣ የጤና ሠራተኞች በየቀበሌው እየዞሩ ቤተሰቡን በሙሉ ያከሙት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ለገጠሩ ቤተሰብ የተቻለው ለአንድ ፎቅ ተማሪ እንዴት ያቅታል?

አንዳንድ ጓደኞች ይህ ጽሑፍ በኅብረቱ ጋዜጣ መውጣቱን ሲሰሙ ስቀዋል። የአገር ጕዳይ ሞልቶ ስለ እግር ጣት ይጻፋል ወይ ብለዋል። እኛ ግን እነዚሁ ጓደኞች በስብሰባ ላይ ጫማቸውን አውልቀው በጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ሲያኩ አይተናል። የእኅቶቻችን መኝታ ቤት ተጠሪዎች የነገሩን ደግሞ የሚያስቅ አይደለም፤ ብሽሽት ላይ የወጣ ቋቁቻ ሰዎች የአባለ ዘር በሽታ ይመስላቸዋል በሚል ፍርሃት ወሩን ሙሉ ሳይታከሙ የቆዩ አሉ። የዚያ ማስታወቂያ ፍሬ ይኸው ነው፤ የታመመውን አሳፈረ፣ አንድም ሰው አላዳነም።

የምንጠይቀው የቅንጦት ነገር አይደለም። የሻወሩ መውረጃ ይከፈት፤ የተሰነጠቀው ወለል ይለሰን፤ በየዕለቱ ታጥቦ በረኪና ይነካው፤ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት አንድ የጽዳት ሠራተኛ ተመድባ፣ ለሌሊቱም ሥራ ይከፈላት፣ እርሷም ጓንትና ቦት ጫማ ይሰጣት። ክሊኒኩ ክሎትሪማዞልና የእከክ መድኃኒት ለክፍል እንጂ ለአንድ ሰው ብቻ በሚበቃ መጠን አይያዝ። ማይክሮስኮፕ አለው፤ ከቍስሉ ጥቂት ቅርፊት ፍቆ፣ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ጨምሮ ፈንገሱን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ለምን እንደማይደረግ ይነገረን። ነገሩ ከክሊኒኩ ዐቅም በላይ የሆነበት ተማሪም የቆዳ ሐኪሞች ወዳሉበት ሆስፒታል ያለ ብዙ ምልልስ ይላክ።

የአቤቱታው ወረቀት እስከ ዓርብ ማታ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይቆያል። የየፎቁ ተጠሪዎች በእከክ የተያዙ ክፍሎችን ቍጥር፣ ያለ ተማሪ ስም፣ ሐሙስ ከእራት በፊት ያምጡልን። ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ የምትቀድዱ ጓደኞች እባካችሁ ተዉት፤ የእኛን ከጐኑ እንለጥፋለንና።