ማኅተም እየተከራየ ሕንፃ ይቆማል ወይ?

እስቲ እንነጋገር ጎበዝ! ለመሆኑ የኢንጂነር ፈቃድ ለምን ተፈለገ? ቤቱ በሰው ላይ እንዳይወድቅ፣ ከወደቀም ተጠያቂው እንዲታወቅ አይደለም እንዴ? አሁን የማየው ግን ሌላ ነው። ፈቃዱ የሚያበጥረው ዕውቀትን ሳይሆን ወረቀትን ሆኗል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጠውንና ሕዝብ የሚገለገልበትን በላይኛው ምድብ አስቀመጠ፤ ንድፉን የተመዘገበ ባለሙያ ይሥራው አለ። ማለፊያ ነው! ታዲያ ያ ባለሙያ በግሌ ላማክር ብሎ ሲነሳ ምዝገባው ሌላ፣ የብቃት ማረጋገጫው ሌላ፣ ንግድ ፈቃዱ ሌላ። ገና አንድ መስመር ሳያሰምር ቢሮው ይቆጠራል፣ ሠራተኛው ይቆጠራል።

ውጤቱስ? የማኅተም ኪራይ! እኔ ራሴ «ስምህን ብቻ ስጠን፣ መምጣትም አይጠበቅብህ» ተብያለሁ። ይኼ እኮ ሕዝብን በቁም መቅበር ነው።

ከሚሴ ላይ ደግሞ ቀልዱ የከፋ ነው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የተቆረቆረችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከእሷ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳልነበረች አደረጋት። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲናጥ የአዲስ አበባ ፎቆች ሳይቀሩ ተወዛውዘዋል። መሬት ማኅተም አያነብም! የቦርከናን ሸለቆ አፈር ያልረገጠ ሰው ፊርማ ዓምድ ደግፎ አያቆምም።

«ቁጥጥሩ ከላላ አገር ይፈርሳል» የሚሉን አሉ። ማን ይላላ አለ? ግን መዝጋቢው መንግሥት፣ ትልቁ አሠሪ መንግሥት፣ የግዙፎቹ አማካሪ ድርጅቶች ባለቤትም መንግሥት! ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ሲሆን የግሉ ባለሙያ ለማን አቤት ይበል?

የምጠይቀው ቀላል ነው። ፈቃዱ ለቢሮ ስፋት ሳይሆን ለሰውየው ይሰጥ፤ በፈተና ይመዘን። ስሙ በማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቦታውን ሳያይ የፈረመ ፈቃዱን ይነጠቅ። ጠበቆች በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1249 የራሳቸውን ማኅበር አግኝተዋል፤ ኢንጂነሩም ከመንግሥት እጅ ነፃ በሆነ የሙያ ጉባኤ ይዳኝ።

ከሚሴ ሁለተኛ ማጀቴ እስክትሆን አንጠብቅ። ሳይቃጠል በቅጠል!