ጀግናው በማን ሕግ ይዳኝ?

በከተማችን ወጣቶች ዘንድ ከእግር ኳስ ቀጥሎ ሞቅ ያለ ክርክር ከሚያስነሡ ጉዳዮች አንዱ ፊልም መሆኑ የታወቀ ነው። እኛ በምንኖርበት በአስኮ፣ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ታክሲ የሚጠብቁ ተማሪዎች ስለ «ስፓይደርማን» ወይም ስለ «ሱፐርማን» ሲከራከሩ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከኮሚክ መጽሐፍ ገጽ ወደ ፊልም የተሸጋገረው ገጸ ባሕርይ በእርግጥ ያው ራሱ ነውን? ወይስ ስሙንና ልብሱን ብቻ የተዋሰ ሌላ ሰው?

በዚህ ክርክር ሁለት ወገኖች ይታያሉ። አንደኛው ወገን የልብሱ ቀለም ሳይቀር ሁሉም ነገር ከመጽሐፉ ጋር እንዲመሳሰል ይሻል። ሁለተኛው ወገን፣ የሙያ ባልደረቦቻችን የሚበዙበት፣ «ሰው በድር ተንጠልጥሎ አይሄድም፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ከንቱ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም መለኪያውን ስተዋል። ማንኛውም ልብ ወለድ ዓለም አንድ ወይም ሁለት የማይቻሉ ነገሮችን እንድንቀበለው ይጠይቀናል፤ እኛም እንቀበላለን። ከዚያ በኋላ ግን ደራሲው ራሱ ላወጣው ሕግ የመገዛት ግዴታ አለበት። ወደ ፊልም የሚለውጠው ባለሙያም መጠበቅ ያለበት ይህንኑ ሕግና ሕጉ የሚያስከፍለውን ዋጋ ነው።

በምሳሌ እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው የስፓይደርማን ኮሚክ 121ኛ እትም ግዌን ስቴሲ የተባለችው ወጣት ከድልድይ ላይ ትጣላለች። ጀግናው ድሩን ወርውሮ ውኃው ላይ ሳትደርስ ይይዛታል፤ ይሁንና ሞታ ያገኛታል። አዘጋጆቹም የገደላት ድንገተኛው መገታት መሆኑን በኋላ ገልጸዋል። ይህ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ትክክል ነው። የአየርን ግጭት ትተን፣ ልጅቷ 80 ሜትር ወደቀች እንበል። ፍጥነቷ በሰከንድ 40 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ድሩ በ2 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያስቆማት፣ ፍጥነቷ የሚቀንስበት መጠን ከመሬት ስበት 40 እጥፍ ይሆናል። በ40 ሜትር ርቀት ቀስ ብሎ ቢያስቆማት ግን 2 እጥፍ ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የወደቀችበትን ርቀት ለቆመችበት ርቀት ማካፈል ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ወሳኙ መያዟ ሳይሆን በምን ያህል ርቀት መቆሟ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሳም ራይሚ ፊልም ይህን የድልድይ ትዕይንት ሲዋስ ሴቲቱን አትርፏታል። ጀግናው ራሱ ተከትሏት ዘሎ ይይዛትና በድሩ ተወዛውዞ ይወስዳታል። መወዛወዝ ውድቀቱን በአንድ አፍታ ከመግታት ይልቅ አቅጣጫውን ቀስ በቀስ ስለሚለውጠው፣ ለውጡን እንደ ክሕደት አንቆጥረውም። በ2014 የወጣው የማርክ ዌብ ፊልም ደግሞ የግዌንን ሞት ጠብቆታል፤ ድሩ ቢደርስባትም አላዳናትም። ሁለቱ ፊልሞች በተለያየ መንገድ ቢሄዱም፣ መውደቅ ዋጋ እንዳለው አልካዱም።

በአንጻሩ የ1978ቱን «ሱፐርማን» እንመልከት። የሚወዳት ሴት ስትሞት ጀግናው በመሬት ዙሪያ እየበረረ ሽክርክሪቷን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ጊዜም አብሮ ይመለሳል። የግድግዳ ሰዓትን ዘንግ ወደ ኋላ ማዞር ያለፈውን ማለዳ እንደማይመልስ ሁሉ የመሬት መሽከርከርም የጊዜ ምንጭ አይደለም። የእኛ ቅሬታ ግን ከዚህም ይከፋል። ሞትን መሻር የሚችል ጀግና ከዚያ በኋላ ምን ያስፈራዋል? ተመልካቹስ ስለ ምን ይጨነቅለታል?

ሌላው የሚያከራክረው የድሩ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በተፈጠረው ኮሚክ ድሩን የሚወረውረውን መሣሪያ የሠራው ተማሪው ፒተር ፓርከር ነው። የ2002ቱ ፊልም ድሩ ከራሱ ገላ እንዲፈልቅ አደረገ። ለውጡን የደገፉት፣ አንድ ጎረምሳ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊፈለስፍ አይችልም ይላሉ። እኛ ግን ጉዳቱን እናስቀድማለን። ሸረሪት የነከሰችው ዕድለኛ ብዙ ሊኖር ይችላል፤ ባገኘው ኃይል ሳይወሰን በእውቀቱ መሣሪያ የሚሠራ ተማሪ ግን ለሳይንስ ወዳጆች የተለየ ነው። በ2012 የወጣው ፊልም መሣሪያውን መመለሱ ተገቢ ነበር።

ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተሰኘውን ኮሚክ በማሳተም ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና አስተዋውቆናል። ይህ ወይም ሌላ የአገራችን ጀግና አንድ ቀን ወደ ፊልም ቢለወጥ፣ በአስኮ ቁልቁለት ፍሬኑ የተበጠሰ ሚኒባስ በእጁ ሲያስቆም እናየው ይሆናል። ሚኒባሱ 2,000 ኪሎ ግራም ቢመዝንና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ በ1 ሜትር ውስጥ ለማቆም 278,000 ኒውተን ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጫማ ከአስፋልቱ የሚያገኘው ሰበቃ ግን 700 ኒውተን ቢሆን ነው። ክንዱ የቱንም ያህል ቢበረታ እግሩ ይንሸራተታል። በጫማ ፋብሪካዋ ለምትታወቀው አስኮ ይህ መልካም የቤት ሥራ ነው። ብልህ ዳይሬክተር አስፋልቱ ሲቀደድ፣ ወይም ጀግናው ረጅም ርቀት እየተጎተተ ሲያስቆመው ያሳየናል። ትዕይንቱም በዚህ የበለጠ ያስጨንቃል እንጂ አይቀዘቅዝም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ስለ ጀግና ፊልም ሲጠይቅ «ተረት ነው» ብለን አፉን አናዘጋው። «ይህ ከሆነ ያ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ የፊዚክስ መነሻ ነው። ያንን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ቦታ ከነፈግነው፣ ተማሪው ቀመሩን ለፈተና ሸምድዶ፣ ማሰቡን ግን ለታክሲ ሰልፍ ትቶት ይቀራል። እናንተም ተከራካሪ ወጣቶች፣ የልብሱን ቀለም ለጊዜው ተዉትና ጀግናው የወደቀችውን ልጅ በስንት ሜትር ውስጥ እንዳስቆማት አስሉ፤ ከዚያም ፍረዱ።