ሰጎኗን ተዉአት!

አንድ ባለሥልጣን ችግር አላይም ሲል ጋዜጦቻችን ምን ብለው ይጽፋሉ? «እንደ ሰጎን አንገቱን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ…»። ጋዜጠኝነት ስማር ወሬ ስለማጣራት ያልተነገረኝ የለም፤ ሰጎኗን አጣርቶ የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ እናጣራ። ሰጎን አንገቷን አሸዋ ውስጥ አትቀብርም። ብትቀብርስ በምን ትተነፍሳለች? እንቁላሏን የምትጥለው መሬቱ ተጭሮ ጎድጎድ ባለ ቦታ ላይ ነው። እንቁላሎቹን በመንቁሯ ልታገላብጥ ስታጎነብስ ከሩቅ ለሚያያት ጭንቅላቷ የጠፋ ይመስላል። አደጋ ሲመጣ አንዳንዴ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ ትተኛለች፤ መሮጥ ካለባት ደግሞ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ትፈተለካለች። ሐሜቱ ግን የቆየ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰጎን ጭንቅላቷን ቁጥቋጦ ውስጥ ከከተተች መላ አካሏ የተደበቀ ይመስላታል ብሎ ጽፏል። (ልብ በሉ፣ አሸዋ አላለም።)

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል ተሰክቶ ታያላችሁ። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም፣ እግዚአብሔርም እኛን እንዲሁ ይጠብቀናል የሚል መልስ ታገኛላችሁ። አንዲት ወፍ ጉልላት ላይ የጠባቂ ምልክት፣ ጋዜጣ ላይ የ«አላይም» ባይ ምልክት! እኔ ከጉልላቱ ወገን ነኝ። እውነቱን ለመናገር እንቁላሉን ቀን አመድማዋ እናት፣ ሌሊት ደግሞ ጥቁሩ አባት ነው የሚታቀፈው። የአውስትራሊያው ኢሙማ ይብሳል፤ ወንዱ ብቻውን ስምንት ሳምንት ያህል ይታቀፋል፣ ምግብም እምብዛም አይቀምስ። ወንዶች፣ እየሰማችሁ ነው? (በ1932 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ወታደሮች ስንዴ አጠፋ ብለው መትረየስ ይዘው ኢሙ ላይ ዘምተው ነበር። ብዙም ሳይቀናቸው ተመለሱ።)

ስለ ፍላሚንጎም የማይቀሩ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ለምን ሮዝ ሆነ? ከሚበላው አልጌ ቀለም ነው፤ ጫጩቱማ ግራጫ ነው። ለምን በአንድ እግሩ ይቆማል? ስለማይደክመው። በ2017 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የሞተ ፍላሚንጎ እንኳ ያለ ጡንቻ ሥራ በአንድ እግሩ ሊቆም እንደሚችል አሳይተዋል።

ማንም የማይጠይቀው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ የቆመበት ውሃ የት ሄደ?

ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ አቢጃታ ሐይቅን እዩት። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል የሚደርሰውን ውሃ ላይኛው የመስኖ እርሻ ይቀንሰዋል፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካው ደግሞ ከራሱ ከሐይቁ ሲስብ ኖሯል። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዉ በዛ፣ ዓሣው አለቀ። ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው አቢጃታ እየመጡ ዓሣ የሚያጠምዱት ፔሊካኖች ማዕዳቸው ተነሣ። ፍላሚንጎ ጨውን ይችላል፤ ውሃ አልባ ጭቃን ግን አይችልም። ይህ ሁሉ የሆነው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በተከለለ ቦታ ነው!

ስለዚህ ጋዜጠኛ ጓደኞቼ፣ የፍላሚንጎ ፎቶ ለቱሪዝም ገጽ ከማሳመራችሁ በፊት ደውሉ። ለመስኖው ስንት ውሃ ተፈቀደ? ማን ፈቀደ? ማን ይለካል? የሚመለከተው ሰው ስልክ ካላነሳ «ምላሽ አልሰጡም» ብላችሁ ጻፉ። ሰጎን ውስጥ አትግቡ።