ጎልፍ የሀብታም ነው፤ ሥራውስ?

የደብረ ታቦር ልጅ በገና ዕለት ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሩሯን ሲለጋት ያየ ሰው፣ «ይሄ ልጅ እኮ የጎልፍ ክንድ አለው» ቢል አይፈረድበትም። ልዩነቱ ወዲህ ነው። በገና ጨዋታ ጌታም ሎሌም አንድ ሜዳ ላይ ይጋፋሉ፤ በጎልፍ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ከረጢት ይሸከማል። የኛ አገር ኳስ አፍቃሪ ጎልፍን «የፈረንጅና የሀብታም ጨዋታ» ብሎ የሚያልፈውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የጎልፍ ሜዳዎች አንዱ፣ ባለ 9 ጉድጓዱ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ውስጥ መሆኑም ሐሜቱን ያጠናክረዋል።

ታዲያ ከረጢት መሸከም የትም አያደርስም ያለው ማነው? ስፔናዊው ሴቬ ባሌስቴሮስ በልጅነቱ ካዲ፣ ማለትም የተጫዋች ዱላ ተሸካሚ ነበር። በመንደሩ በፔድሬኛ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በአንዲት አሮጌ ዱላ እየለጋ አደገና በ1979 እ.ኤ.አ. የብሪታንያን ኦፕን፣ በ1980 ደግሞ ማስተርስን ወሰደ። አሜሪካውያኑ ቤን ሆጋንና ባይረን ኔልሰንም ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ክለብ አብረው ካዲ ነበሩ። በትልልቆቹ ውድድሮች ያሸነፈ ተጫዋች ከሽልማቱ እስከ 10 በመቶ ለካዲው መስጠቱ የተለመደ ነው።

ይሁንና ለጋፋት ወጣት «ሴቬን ሁን» ማለት ቀልድ ነው። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ 50 ሄክታርና ከዚያ በላይ መሬት ይበላል። በጉና ግርጌ ገብስና ድንች የሚያበቅለውን ገበሬ ለዚህ ሲባል ተነስ የሚል ካለ፣ ጉዳዩ ስፖርት መሆኑ ይቀራል።

እንጀራው ያለው ሣሩ ላይ ነው። በጎልፍ ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ድረስ ዝቅ ተደርጎ ይታጨዳል። ይህን የሚሠራ ሰው አፈሩን፣ የውሃ መውረጃውን፣ ማዳበሪያውን፣ የሣሩን በሽታ ጠንቅቆ ያውቃል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ኮሌጅ ገብተው የሚማሩት ሙያ ነው። የእግር ኳስ ሜዳንም የሚያቆመው ያው ሙያ ነው።

ይሄ እንግዲህ ኳስ አፍቃሪውን በቀጥታ ይነካል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ካፍ የባሕር ዳር ስታዲየምን ደረጃውን አያሟላም ብሎ ሲያግድ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ይዘው ሰው አገር ተሰደዱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 የረቱት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ሊጨፍርበት የሚገባውን ድል የጎንደርና የጎጃም ደጋፊ በቴሌቪዥን አየው። ጥፋቱ ሁሉ የሣር ነው ማለት አይደለም፤ መልበሻ ክፍሉም ሌላውም ደረጃ አለው። ግን ስታዲየም ሲባል የሚወራው ስለ ኮንክሪቱና ስለ ወንበሩ ነው። ሣሩን ማን ይይዘዋል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ጋፋት ደግሞ ሙያ ከዜሮ የተጀመረባት ቦታ ናት። አፄ ቴዎድሮስ እዚያ የሰበሰቧቸው ፈረንጆች አብዛኞቹ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፎ፣ እየወደቁ ተምረው ነው ሴባስቶፖልን ያወጡት።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ግብርና ያስተምራል። እዚያው ላይ ስለ ስፖርት ሜዳ ሣር የጥቂት ወራት ሥልጠና መጨመር መድፍ የማቅለጥን ያህል አይከብድም። ፌዴሬሽኑና የክልሉ ስፖርት ቢሮም ሠልጣኞቹን የሚቀጥሩበት የሥራ መደብ ይክፈቱ። ልጆቹ ሙያውን ከያዙ በኋላ ጎልፍ ክለብ ይግቡ ወይም ስታዲየም፣ ምርጫው የነሱ ነው።