መንጢቅ፦ የፍርድ ሚዛን



በዛሬው ዓምዳችን በወሎ ሐሪማዎች ደረሶች ሲቀሩት ከኖሩት ዕውቀቶች አንዱን፣ መንጢቅን (አመክንዮን) በአጭሩ እንቃኛለን።

ከመንጢቅ መሠረቶች አንዱ ቀዲያ ነው። ቀዲያ «እውነት ነው» ወይም «ሐሰት ነው» ሊባል የሚችል ንግግር ነው። «ሲሪንቃ በሀብሩ ወረዳ ትገኛለች» ቀዲያ ነው፤ «ውሃ አምጣልኝ» ግን ትእዛዝ እንጂ ቀዲያ አይደለም።

ሁለት ቀዲያዎች «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ተብለው ሲተሳሰሩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የሲሪንቃ ገበሬ «ዝናብ ከቀረ ማሽላው ይጠወልጋል» ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን ማሽላው ስለጠወለገ ብቻ «ዝናብ ቀርቶ ነው» ብንል ልንሳሳት እንችላለን፤ ሥሩን አቀንጭራ ይዞት፣ ወይም አገዳውን ትል ሰርስሮት ይሆናል። በዚያው በሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ድርቅንም አቀንጭራንም ሲያጠና የኖረው መንስኤው ካልታወቀ መፍትሔው ስለማይገኝ ነው።

በቤታችንስ? «የዋሸ ሰው ይደነግጣል» እንላለን። ልጃችን ስንጠይቃት ስትደነግጥ «እንግዲያው ዋሽታለች» ብለን እንፈርዳለን። ፍርሃትም እኮ ያስደነግጣል! ስንት ትዳር፣ ስንት ጉርብትና በእንዲህ ያለ የተገለበጠ ፍርድ ፈርሷል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ፋሲቅ ወሬ ሲያመጣልን እንድናጣራ፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል። እንግዲህ ወላጆችም ወጣቶችም ከመፍረዳችን በፊት «ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልምን?» ብለን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።