በሐዋሳ ሐይቅ ላይ

ባለፈው እሑድ ከልጄና ከወዳጆቼ ጋራ በባለሞተር ጀልባ ከአሞራ ገደል ተነሥተን፥ የሐዋሳን ሐይቅ ዳር ዳሩን ስንዞር አረፈድን። ወደዚህ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባል፤ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም፤ እንዲህም ሆኖ ውሃው ጨው አይደለም።

ልጄ ሙቀት በዛብኝ ብሎ የመንሳፈፊያውን ልብስ ሲያወልቅ ዝም አልሁት። ወዲያው ከቄጠማው አጠገብ ጉማሬዎች ብቅ አሉ፤ ልጁም ‹‹እንቅረብ!›› አለ። ጀልባ ነጂው ግን ፈጥኖ ራቀና፥ ‹‹ጋሼ፥ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል፤ ከቀትር በኋላም ነፋስ ይነሣል። ልጁ ልብሱን ካልለበሰ አልነዳም›› አለኝ። በማዕረግ ብበልጠውም አፈርሁና ታዘዝሁ።

ስንመለስ ማዕበሉ ልብሳችንን አራሰው፤ ልጄን ያቀፍሁበት እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወላጆች ሆይ፥ በውሃ ላይ አለቃው ውሃውን የሚያውቅ ነው።